የፊደል ዕጣ

«ሀ» ብለን እንጀምር። የምንወደውን ዘፈን ከየት አገኘነው? ብዙዎቻችን መርጠን ያገኘነው ይመስለናል። ነገሩን ረጋ ብሎ ለመረመረው ግን መርጠን የሰማነው ከሰማነው ሁሉ እጅግ ጥቂቱ ነው። አንዱን የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳ በኩል አሰማን፤ ሌላውን በሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ተጨናንቀን ሳለ ሾፌሩ መረጠልን፤ ሦስተኛውን በሰው ሠርግ እየጨፈርን ለመድነው። ከዚያ በኋላ «የእኔ ዘፈን» እንለዋለን። የእኔነቱ የመጣው ከሰማነው በኋላ ነው።

ይህን የምለው ስለ አንድ ልማዴ ለማውራት ፈልጌ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዘፈን የምሰማው በፊደል ነው። አንዲት ፊደል እመርጥና ርእሳቸው በእሷ የሚጀምር ዘፈኖችን እለቅማለሁ። የማውቃቸውንም የማላውቃቸውንም፣ የምወዳቸውንም የማልወዳቸውንም ጎን ለጎን አሰልፌ ከዳር እስከ ዳር እሰማለሁ። ወሩ የ«ለ» ከሆነ የ«ለ» ነው። ዘፋኙ ማንም ይሁን፣ ዘመኑ የቱም ይሁን፣ ጭፈራም ይሁን እንጉርጉሮ፣ መለኪያዋ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። በዚህ መንገድ ያገኘኋቸው፣ በሌላ መንገድ ግን ፈጽሞ ላልደርስባቸው የምችል ዘፈኖች ብዙ ናቸው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ዘፈንን በመጀመሪያ ፊደሉ መለየት ሰውን በጫማ ቁጥሩ መለየት ማለት ነው» አለኝ። «አርባ ሁለት ቁጥር የሚጫሙትን ሁሉ ሰብስበህ ምን ልታገኝ ነው?»

ሳቁን ትቼ ጥያቄውን ወሰድኩት። ጥያቄው ከዘፈን ያለፈ ነውና። ምክንያት የሌለው አሰላለፍ ምክንያት ያለው ነገር ሊያስገኝ ይችላልን? በአጋጣሚ ያገኘነውስ ፈልገን ካገኘነው እኩል የእኛ ነው ሊባል ይቻላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለማን ጆሮ እንደምንሰጥ ሲወሰን ዕጣ ከምርጫ ይልቅ ፍትሐዊ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ?

በመጀመሪያ ስለ ጫማ ቁጥሩ። በእኛ ቋንቋ የርእስ መነሻ የሆነችው ፊደል ሁልጊዜ ዲዳ አይደለችም። «የ»ን እንውሰድ። በ«የ» የሚጀምር ርእስ ስናይ ብዙ ጊዜ የምናየው ባለቤትነትን ነው፤ የማን? የምን? የየት? የሚለው ጥያቄ ተመልሶ እናገኘዋለን። «በ» ቦታን ወይም መሣሪያን ታመጣለች፤ «ለ» ተቀባይን፤ «ከ» መነሻን፤ «ስ» ደግሞ አንድ ነገር የሚሆንበትን ጊዜ። ስለዚህ የአማርኛ ዘፈኖችን በፊደል የሚደረድር ሰው ሳያስበው በዝምድና ይደረድራቸዋል። ባለቤት ያላቸው በአንድ ወገን፣ የሚሰጡት በሌላ፣ ከአንድ ቦታ የሚነሡት በሌላ ይቆማሉ። ይህ ለጫማ ቁጥር አልተሰጠውም።

ሆኖም ፊደሏ ታታልላለች። የሙላቱ አስታጥቄን ሦስት ሥራዎች ምሳሌ ላድርግ፤ «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ» እና «የካቲት»። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ ውስጥ ሦስቱም አሉ። የፊልም ወዳጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ ያስታውሷቸዋል። ሦስቱም በመሣሪያ ብቻ የሚሰሙ ናቸው፤ ያላቸው ቃል ርእሳቸው ብቻ ነው። «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» ላይ «የ» አገናኝ ናት፤ በአንደኛው ሰውን ከሚመጣው ዓመት ጋር፣ በሁለተኛው ትዝታን ከባለቤቱ ጋር ታያይዛለች። «የካቲት» ላይ ግን የስሙ አካል ናት። ብትነቀል «ካቲት» የሚባል ነገር የለም። ዓይን አንድ ያደረጋቸውን አእምሮ ለያያቸው ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ወዳጄ ረታኝ ባልኩ ነበር። ግን ሦስቱን አንድ ላይ ደጋግሞ የሰማ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። ሦስቱም የጊዜ ስሞች ናቸው። ከርሞ የሚመጣው ጊዜ ነው፤ ትዝታ ያለፈው፤ የካቲት ደግሞ በየዓመቱ ዞሮ የሚመለሰው። ያውም የካቲት ለኢትዮጵያዊ ባዶ ወር አይደለም። ዓድዋ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፤ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሆነ፤ አብዮቱም በየካቲት 1966 ዓ.ም. ፈነዳ። ይህን የጊዜ ዝምድና «የ» አላወቀችውም። እሷ ያደረገችው ሦስቱን አንድ ደጃፍ ላይ ማቆም ብቻ ነው። ዝምድናውን ያየው ደጃፉ ላይ የቆመው አድማጭ ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን መልስ እናገኛለን መሰለኝ። ምክንያት የሌለው አሰላለፍ በራሱ ምንም አያስገኝም፤ ለማስተዋል ግን ዕድል ይሰጣል።

ሁለተኛው ነገር «አንድ ዓይነት ፊደል» ማለት ራሱ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» በሚለው መጠሪያዋ ያወጣችው አልበም ውስጥ «ዓባይ»፣ «ዓይናማ» እና «ዓድዋ» የሚባሉ ዘፈኖች አሉ። አሁን እንደጻፍኳቸው ከተጻፉ ሦስቱም በዓይኑ «ዐ» ቤት ያድራሉ። ግን ስንቱ ሰው «አባይ» ብሎ በአልፋው «አ» ይጽፋል? ያን ጊዜ ወንዙ ከጦር ሜዳው ይለያል። በሀለሐመ ተራ «አ» አሥራ ሦስተኛ፣ «ዐ» አሥራ ስድስተኛ ናት፤ በመካከላቸው «ከ» እና «ወ» ተቀምጠዋል። ጆሮ ምንም ልዩነት አልሰማም። የለያያቸው የጸሐፊው እጅ ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ሲያከራክረን የኖረው ስለ ሰዋስው ብቻ ይመስለን ይሆናል። በእውነቱ ግን ማን ከማን ጋር ይቀመጥ የሚልም ክርክር አለበት።

ተራውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሀለሐመ ብለን የተማርን ሰዎች አበገደም እንዳለ እናውቃለን። በልጅነት «አ ቡ ጊ ዳ» እያልን የዘለቅነው ሰያፍ ንባብ የተነሣው ከዚያኛው ተራ ነው። ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የእኛን ፊደልና ዘመዶቹን የሚጠሩበት ስም ሲፈልጉ የወሰዱት ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ነው። ቴዲ አፍሮም እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያ አልበሙን በዚሁ ስም ጠራው። በክፍል የስም ጥሪ ላይ ደግሞ የተራን ኃይል ሁላችንም ቀምሰነዋል። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲደረደር አበበ ይቀድማል፣ ዘውዱ ይከተላል። በሀለሐመ ሲደረደር ለማ ከፊት ይሰለፋል፣ ዘውዱ ወደ መካከል ይመጣል፣ ፍቅርተ ጅራት ትሆናለች። ከሰዎቹ አንዳቸውም አልተለወጡም። ስለዚህ ፊደል ዕውር ናት ስንል፣ ዕውሯን መንገድ ላይ ያቆማት የሚያይ ሰው እንዳለ መርሳት አይገባንም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ «ታዲያ ፍትሐዊነቱ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን ዕቁብ ውስጥ ያገኘሁት ይመስለኛል። ዕቁብተኛ ዕጣ የሚያወጣው ዕጣ አዋቂ ስለሆነ አይደለም። ዕጣ ፊት አያይም፤ ጉቦ አይቀበልም፤ ዘመድ የለውም። አለማወቁ ነው የሚያስመሰግነው። ነገር ግን ዕቁብ ፍትሐዊ የሚሆንበት ሌላም ነገር አለ፤ ዕጣው እስኪያልቅ ድረስ ይዞራል። ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል። የመጀመሪያው ሰው ዕጣውን ወስዶ ዕቁቡ ቢፈርስ፣ ያ ዕቁብ ሳይሆን ዝርፊያ ይባላል።

የፊደል አድማጭም እንዲሁ ነው። «አ» ላይ ተቀምጦ የሚቀር ሰው ዕጣ አወጣሁ ሊል አይችልም። የ«አ» ቤት እንደ መርካቶ የተጨናነቀ ነው፤ የ«ጰ» ቤት ደግሞ ኦና ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለሚዘልቅ ሰው እያንዳንዱ ዘፈን የሚደመጥበት ቀን አለው፤ ዝነኛውም አይቀድምም፣ የተረሳውም አይቀርም። በካሴት ዘመን በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ተሸጉጦ ማንም ሳይደርስበት የቀረው ዘፈን፣ በፊደሉ ምክንያት ከጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። በሌላ በምን ሥርዓት ይህ ይሆንለታል?

ሌሎቹን ሥርዓቶች እንመልከታቸው። በሽያጭ የሚደረደሩ ዘፈኖች አሉ፤ እዚያ የተሰማ ይበልጥ ይሰማል፣ ያልተሰማም እንዳልተሰማ ይቀራል። ዛሬ በእጅ ስልካችን ላይ የሚመርጥልን ማሽን ደግሞ ትናንት የሰማነውን ቆጥሮ፣ ያንን የሚመስለውን ያቀርብልናል። ትጋቱ የሚደነቅ ነው። ግን መስታወት ነው፤ ዞሮ ዞሮ የሚያሳየን ራሳችንን ነው። ከሁሉ የሚከፋው በወገን መደርደር ነው። ዘፈንን በቋንቋው፣ በክልሉ፣ በዘፋኙ ትውልድ ለይቶ የራሱን ብቻ መስማት የለመደ ሰው ትንሽ አይደለም። የጎረቤቱን ዘፈን ሳይሰማ ስለ ጎረቤቱ ልብ ይፈርዳል። በዘፈን የተጀመረው አለመሰማማት የት ድረስ እንደሚሄድ ለዚህ ዘመን ኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ፊደል ይህን ወሰን አታውቅም። «በ» ቤት ስገባ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ዓሊ ቢራ፣ ዓለም የሚያውቀውን ስሙን ያገኘው «ቢራ ዳ በሪኤ» ከሚለው የኦሮምኛ ዘፈን ነው። ዘፋኝ ለዘፈን ስም ሲሰጥ እናውቃለን፤ እዚህ ግን ዘፈኑ ለዘፋኙ ስም ሰጠ። በግዕዝ ፊደል ቢጻፍም በቁቤ ቢጻፍም መነሻው ያው የ«በ» ድምፅ ነው። አጠገቡ ማን ተቀምጧል? «ባቲ»። ባቲ ከቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ስሙም የወሎዋ የገበያ ከተማ ስም ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ። ሁለቱን ማንም አስቦ አላጎራበታቸውም። እኔም ብሆን ካለ ፊደሏ አንዱን ሰምቼ ወደ ሌላው ባልሄድኩ ነበር።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። «ዕውርነት ፍትሕ አይደለም። መልካሙንና ክፉውን እኩል ማሰለፍ ለመልካሙ በደል ነው፤ ዕድሜ አጭር ነው፤ ሰው የሚበልጠውን መርጦ መስማት አለበት» ይላል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። እኔም ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አላልኩም። ያልኩት ሁሉም እኩል ይሰማ ነው። ከመስማት በፊት የሚደረግ መለየት አድልዎ ሊሆን ይችላል፤ ከሰሙ በኋላ የሚደረግ መለየት ግን ፍርድ ይባላል። ፍትሕ ዓይኗን ትሸፈን ይሆናል፤ ጆሮዋን ግን አትደፍንም።

የፊደል ተራ ለቁም ነገር ሲውልም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ረጅሙ መዝሙር፣ በእኛ ቁጥር 118ኛው፣ በዕብራይስጥ የተደረሰው በፊደል ተራ ነው። ለሃያ ሁለቱ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ቁጥር ተሰጥቷቸው 176 ሆነዋል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ያሉት ስምንቱ ሁሉ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ባለቅኔው ይህን ያደረገው ለጨዋታ ብቻ አይመስለኝም። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የሚሄድ ሰው «አንድም አላስቀረሁም» ማለቱ ነው። የፊደል ተራ ክብሩ ምሉዕነት ነው።

አሁን ወደ «ግኝት» ልመለስ። «ይህን ዘፈን አገኘሁት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1618 ስፓኛዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ቦታውን አይቶት ነበር። ከሁለቱም በፊት ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ከብቱን ያጠጣበት ነበር። በዘፈንም ያው ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው የሙዚቃ ድርጅት ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ትጋት በ«ኢትዮፒክስ» ሲወጡ፣ የውጪው አድማጭ ሀብት እንደተገኘ ቆጠረው። ሀብትነቱ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ሲጨፍርበት የነበረ ሀብት ነው። ስለዚህ ዘፈንን የሚያገኝ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ወግ አለበት፤ ሰላምታ ሰጥቶ ይገባል፣ የቤቱን ባለቤት ስም ይጠይቃል፣ የቀረበለትን ሳያጣጥል ይቀምሳል።

የባለቤቱን ስም መጠየቅ ስል ዘፋኙን ብቻ ማለቴ አይደለም። በካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ካሉ በደቃቅ ጽሑፍ ጥግ ላይ ናቸው። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን የነበረውን ሳህሌ ደጋጎን፣ ከዚያም ወዲህ ይልማ ገብረአብንና አበበ መለሰን ስማቸውን ሳያውቅ ሥራቸውን በቃሉ የሚያንጎራጉር ሰው ብዙ ነው። ዘፋኝን ተከትለን ስንሰማ ዓይናችን ከዘፋኙ አይነሣም። በፊደል ስንሰማ ግን የተለያዩ ድምፆችን በአንድ መስመር እናገኛለን፤ ያን ጊዜ «ይህ ግጥምና ያ ግጥም የአንድ እጅ ሥራ ይመስላሉ» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ጥርጣሬው ሽፋኑን አገላብጠን ደቃቁን ጽሑፍ እንድናነብ ያደርገናል።

በመጨረሻም የስም መመሳሰል የት ድረስ እንደሚያስኬድ «ት» ታሳየናለች። በ«ት» ቤት ውስጥ «ትዝታ» የሚል ርእስ ያላቸው ዘፈኖች ስፍር ቁጥር የላቸውም። የመሐሙድ አሕመድ አለ፣ የበዛወርቅ አስፋው አለ፣ ስማቸውን ያልሰማንላቸው የአዝማሪ ቤት ድምፃውያንም አሉ። እዚህ የሚመሳሰለው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ሳትሆን ርእሱ በሙሉ ነው፤ ቅኝቱም ቢሆን ያንኑ ስም ይጋራል። ቢሆንም የአንዱ ትዝታ የሌላው ትዝታ አይደለም። እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ሰው ያስታውሳል፤ እያንዳንዱ አድማጭም እንዲሁ። በአንጻሩ «አምባሰል» እና «አንቺ ሆዬ» በፊደል ተጎራብተው የማይገናኙ ቅኝቶች ሊመስሉን ይችላሉ። ጆሮውን የሰጣቸው ሰው ግን ሁለቱም ከመነሻቸው ወደ ቀጣዩ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ እንደሚራመዱ ይሰማል፤ ያን የሚያባባ ጠባብ እርምጃ ማለቴ ነው። አንድ ስም ብዙ ልዩነት ይሸፍናል፤ አንዲት ፊደልም አልፎ አልፎ እውነተኛ ዝምድና ላይ ትጥለናለች። የቱ የቱ እንደሆነ የምናውቀው ሰምተን ስንጨርስ ብቻ ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የዕጣ ጥቅሙ ከራሳችን ምርጫ ለጥቂት ጊዜ ማሳረፉ ነው። ምርጫችን እንደምናስበው ነፃ አይደለም፤ የሰፈራችን፣ የትምህርት ቤታችን፣ የወገናችን፣ የዘመናችን እጅ አለበት። ያልመረጥነውን ነገር በአክብሮት እስከ መጨረሻው መስማት የቻልን እንደሆነ ያልመረጥነውን ሰው ለመስማትም እንለማመዳለን። ጎረቤታችንን፣ የሥራ ባልደረባችንን፣ የአገራችንን ሰው በአብዛኛው አልመረጥናቸውም። አንድ ደጃፍ ላይ ያቆመን ዕጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የዕጣ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።

በዚህ ወር «ገ» ቤት ነኝ። ጉ ላይ ስደርስ የሙላቱ «ጉበልዬ» እና የጂጂ «ጉራማይሌ» ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩኝ፤ አንዱ ያለ ቃል፣ አንዱ በቃል። ቀለሙ የተቀላቀለውን፣ አንድ ወጥ ያልሆነውን ነገር ጉራማይሌ እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜም ለነቀፋ እንጠቀምበታለን። በፊደል ተራ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ የቤት ስም አይገኝም።